ሁለት ሴቶች፣ ሁለት ሆቴሎች



ይህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ሲዘጋጅ ከማኅበራችን ታሪክ ጎን ስለምንኖርባት ስለ ናይሮቢም አንድ ጽሑፍ እንዲኖር ተስማማን። የመረጥነውም ከኬንያታ ጎዳና ወደ ኪማቲ መንገድ ስንታጠፍ ሁላችንም የምናልፈውን የስታንሊ ሆቴልን ነው። ልጆቻችን የሚያውቁት በውድ ምሳውና አምስተኛ ፎቅ ላይ ባለው የመዋኛ ገንዳ ነው። እኛ ግን የምናስታውሰው በአንድ ዛፍ ነው። ወደ ዛፉ ከመድረሳችን በፊት ከመነሻው እንጀምር።

ናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ1899 የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ሆና የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1902፣ ሜየንስ ቤንት የተባለች እንግሊዛዊት ዛሬ ቶም ምቦያ በሚባለው መንገድ ላይ ከአንድ ሱቅ በላይ ያሉትን ክፍሎች ይዛ እንግዳ ማሳደር ጀመረች። በ1905 ቤቱ ተቃጠለ። ሴትዮዋ ግን ሥራዋን አልተወችም፤ ወደ ሌላ ሕንጻ ተዛውራ ቀጠለች። በ1913 ደግሞ ዛሬ ሆቴሉ ባለበት ማዕዘን ላይ ኒው ስታንሊ ተከፈተ።

ይህንን ስናነብ የአገራችን ታሪክ ትዝ ይለናል። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1907 ሥራ የጀመረው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ነው። ሁለቱም ከተሞች ገና ለጋ ሳሉ፣ በጥቂት ዓመታት ልዩነት፣ በሴት የተጀመረ ሆቴል አገኙ። አንዷ ኑሮዋን ለማሸነፍ የምትሠራ ሴት ስትሆን፣ ሌላዋ ንግሥት ነበሩ።

አበው እንደሚያወሩት፣ የጣይቱ ሆቴል ሲከፈት በገንዘብ የሚበላ አገሬ ሰው ጠፍቶ ነበር። ነገሩ አያስገርምም። የመሸበት መንገደኛ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ በሚመታበት አገር፣ እንጀራ በዋጋ መሸጥ ነውር ይመስል ነበር። አጼ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው እየበሉና እየከፈሉ ሕዝቡን አለማመዱት ይባላል።

በናይሮቢ የሆነው ግን ሌላ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን አፍሪካዊ ወደ ትልልቆቹ ሆቴሎች በአብዛኛው የሚገባው ለማገልገል እንጂ ለመስተናገድ አልነበረም። የናይሮቢ የአክሲዮን ገበያ በ1954 ሲመሠረት ሥራው ይካሄድ የነበረው በዚሁ በስታንሊ ውስጥ ነበር። ሆኖም ኬንያ በ1963 ነጻ እስክትወጣ ድረስ አፍሪካውያንና እስያውያን አክሲዮን እንዲገበያዩ አይፈቀድላቸውም ነበር። በአዲስ አበባ ሰው አልገባም ያለው በባህሉ ነው፤ እዚህ ግን አትገባም የተባለው በቀለሙ ነው። ልጆቻችን ይህን ልዩነት ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን።

ዛሬ ስታንሊ 217 ክፍሎች ያሉት ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ነው። የአክሲዮን ገበያውን ትዝታ የያዘው ኤክስቼንጅ ባር በቆዳ ወንበሮቹና በቆዩ የጣሪያ ማራገቢያዎቹ ዛሬም የድሮውን ዘመን ያሳያል። በሩ የሚገኝበት መንገድም የነጻነት ታጋዩን የደዳን ኪማቲን ስም ይዟል፤ ሐውልቱም ከዚያው አጠገብ በ2007 ቆሟል።

አሁን ወደ ዛፉ እንምጣ። በ1959 ሆቴሉ በመንገዱ ዳር «ቶርን ትሪ» የተባለውን ካፌ ከፈተ፤ እሾሃማው ዛፍ ማለት ነው። መሐሉ ላይ ግራር ቆሞ ነበር። በየብስ አፍሪካን የሚያቋርጡ መንገደኞች ለጓደኞቻቸው መልእክት እየጻፉ እዚያ ይለጥፉ ነበር። ሞባይል ባልነበረበት ዘመን የናይሮቢ ፖስታ ቤት ይህ ዛፍ ነበር ማለት ይቻላል።

በደርግ ዘመን በሞያሌ በኩል ከመጣነው መካከልም ወደዚያ ዛፍ የሄድን አለን። ቡና ለመጠጣት አቅሙ አልነበረንም። ወረቀቶቹን ቆመን ለማንበብ ግን የሚከፈል አልነበረም። ከፈረንጁ ጽሑፍ መካከል የአማርኛ ፊደል ስናይ ልባችን ይመታ ነበር። እኛም «ደርሻለሁ፤ ደህና ነኝ» ብለን፣ ለጥንቃቄ በቅጽል ስማችን ፈርመን ለጥፈናል። ከመካከላችን በዚህ የተገናኘ አለ፤ ወር ሙሉ ተመላልሶ ያጣም አለ።

ዛሬ እዚያ የቆመው ግራር የመጀመሪያው አይደለም፤ በቦታው ሌላ ተተክቷል። እኛ የለጠፍናቸው ወረቀቶችም አንዱ እንኳ በእጃችን የለም። በአዲስ አበባም ከእንጨት የተሠራው ጥንታዊው የጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. ከፊሉ በእሳት ተጎድቷል። ተጠግኖ ሥራውን ቢቀጥልም፣ አንድ መቶ ዓመት የቆየ ነገር በአንድ ቀን ሊጠፋ እንደሚችል አይተናል።

ስለዚህ በዚህ በዓል አንድ ነገር እንለምናችኋለን። በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ ያሉትን ደብዳቤዎች፣ ፎቶግራፎችና የጉዞ ወረቀቶች አትጣሉ። ወደ ማኅበሩ አምጡና ግልባጭ ይወሰድላቸው። ልጆቻችሁንም አንድ ቅዳሜ ይዛችሁ ወደ ኪማቲ መንገድ ውረዱ። አያቶቻቸው ከውጭ ቆመው ያነበቡበት ቦታ ላይ፣ እነሱ ተቀምጠው ቡና ይዘዙ። ሒሳቡ ይወደዳል፤ ግን አንድ ቀን አይጎዳም።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል ይሁንልን።