በከርሠ ምድር የተዘረጋ ሐዲድ

የለንደን ከተማ አስተዳደር የሕግ ጠበቃ የነበረው ቻርልስ ፒርሰን፥ በ19ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ጎዳናዎቹ በጋሪና በሠረገላ ተጨናንቀው፥ ድኻውም ሠራተኛ ከሥራው ሥፍራ ርቆ መኖር ስለማይቻለው በጠባብ ሰፈር ተፋፍጎ ሲኖር ተመልክቶ፥ ባቡር በከርሠ ምድር ቢሄድ ይህ ሕዝብ ንጹሕ አየር ካለበት የከተማ ዳርቻ በጥቂት ዋጋ ሊመላለስ ይችላል እያለ ብዙ ዘመን ያለ መታከት ተከራከረ። እርሱ ግን የድካሙን ፍሬ ሳያይ በ1862 እ.ኤ.አ. ዐረፈ፤ ከፓዲንግተን እስከ ፋሪንግዶን የተዘረጋው፥ ለዓለም የመጀመሪያ የሆነው መንገድ የተከፈተው በተከታዩ ዓመት በጥር ወር ነበርና። ሐዲዱን ለማሳለፍ ከፈረሱት ቤቶች ብዙዎቹ ፒርሰን ያዘነላቸው የእነዚያው ድኾች መኖሪያዎች መሆናቸው እስከ ዛሬ ልብን ያሳዝናል።

ባቡሩ በእንፋሎት የሚሄድ ስለ ነበር ዋሻው ጠልቆ ሊወርድ አልቻለም፤ ጎዳናውን ቈፍረው፥ ግንቡን ገንብተው፥ መልሰው ከላይ ከደኑት፤ ለጢሱም መውጫ ቢበጅለት እንኳ ተሳፋሪውን ማስጨነቁ አልቀረም። በ1890 የኤሌክትሪክ ባቡር በመጣ ጊዜ፥ ጄምስ ግሬትሄድ ያሻሻለው የብረት ጋሻ ቈፋሪዎቹን ከናዳ እየጠበቀ የለንደንን የሸክላ አፈር በመብሳቱ፥ ከቴምዝ ወንዝ በታች በጥልቀት ማለፍ ተቻለ።

በፓሪስ ክርክሩ ሌላ ነበር። ታላላቆቹ የባቡር ኩባንያዎች መስመሮቻቸውን በከተማይቱ ውስጥ ለማገናኘት ሲሹ፥ የከተማው ምክር ቤት በበኩሉ ለነዋሪው ብቻ የሚያገለግል መንገድ ፈልጎ ዋሻውን ሆን ብሎ ጠባብ አደረገው፤ አንድ እጁን በባቡር አደጋ ያጣው መሐንዲስ ፉልዣንስ ቢያንቬኑም ሥራውን መርቶ የመጀመሪያውን መስመር በ1900 ለአገልግሎት አበቃ። ጣቢያዎቹ እጅግ ስለተቀራረቡ የፓሪስ ሰው ብዙ ሳይራመድ ባቡሩን ያገኛል፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን ለእግረኛው የታሰበ ሥርዓት ነው።

ሞስኮ በ1935 የከፈተቻቸው ጣቢያዎች በእብነ በረድ የተዋቡና እንደ ቤተ መንግሥት አዳራሽ የተንቈጠቈጡ ናቸው፤ ነገር ግን በዚያው ዘመን የከተማው ሠራተኛ ብዙ ቤተ ሰብ በአንድ ቤት ተጋርቶ ይኖር እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም።

በ1940 የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን በቦምብ ሲደበድቡ፥ ባለ ሥልጣኖቹ ሕዝቡ በጣቢያዎቹ እንዳይጠለል አስቀድመው ከልክለው ነበር። ሕዝቡ ግን የጕዞ ቲኬት እየገዛ ወርዶ አልወጣም ስላለ፥ መንግሥት በግድ ፈቅዶ አልጋና መጸዳጃ አበጀለት።