ባለእጅ ዘማች

ባለእጅ ዘማች በበጌምድር ውስጥ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ በሰላም ጊዜ በቀጥቃጭነት፣ በሽመና ወይም በፋቂነት ይተዳደር የነበረ፣ የክተት አዋጅ ሲነገር ደግሞ ስንቁን ቋጥሮ የዘመተ የገጠር ሰው ነው።

ኑሮው። ቀጥቃጩ ከፍየል ቆዳ በተሰፋ ጥንድ ወናፍ ከሰሉን እያናፋ ብረቱን ያግላል። የጋለውን በጉጠት ይዞ በመዶሻ እየቀጠቀጠ ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምሳርና ጦር ያወጣል። ዋጋውን ብዙ ጊዜ የሚቀበለው በመኸር፣ በእህል ነበር። ያለ እሱ ማረሻ መሬቱን የማያርሰው ጎረቤቱ ግን «ቡዳ» እያለ ያንቋሽሸው፣ ጋብቻም ይነፍገው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያስነግሩም ንቀቱ ቶሎ አልጠፋም።

ዘመቻው። ጦርነት ሲመጣ የተናቀው እጅ ተፈላጊ ይሆን ነበር። ዳግማዊ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት ከአውሮፓ የመጡ ባለሙያዎችንና የአገሬውን ሠራተኞች አሰባስበው መድፍ አሠሩ። ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነውን «ሴባስቶፖል» የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር አስነሥተው፣ ሠራዊቱ መንገድ እየጠረገ በጋይንትና በዘቢጥ በኩል ወደ መቅደላ አስጎተቱት። ጉዞው ግማሽ ዓመት ያህል ወሰደ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በበጌምድርና በወሎ ድንበር በአንቺም ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ የበጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ሲወድቁ፣ የበጌምድር ዘማች የአውሮፕላን ቦምብ ቀመሰ። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ በራስ ካሣ ኃይሉና በልጃቸው በደጃዝማች ወንድወሰን ካሣ ሥር ተሰልፎ በተምቤን ከፋሺስት ጦር ጋር ተዋጋ። ከዚያ በኋላ በነበሩት የአርበኝነት ዓመታት የተሰበረ ጠመንጃ የሚጠግን እጅ ለሸፈተው አርበኛ እንደ ጥይት ብርቅ ነበር።

ሞቱ። ባለእጁ ከአገሩ ርቆ ሲወድቅ አስከሬኑ ለቀዬው ቤተ ክርስቲያን አይበቃም ነበር። ቤተ ዘመድ ልብሱንና መሣሪያውን አውጥቶ ያለቅስለት፣ ተዝካሩንም ያወጣለት ነበር። ወናፉና መዶሻው ለልጁ ይተላለፍ ነበር። ዜና መዋዕሎች በአብዛኛው የመሳፍንቱንና የመኳንንቱን ስም ስለመዘገቡ የእሱ ስም የሚገኘው በቤተሰብ ትውስታ ብቻ ነው። ማረሻም ጦርም የሠራ፣ በመጨረሻም ሕይወቱን የሰጠ ሰው ከአርበኞች ተርታ ሊጻፍ ይገባዋል፤ ታሪኩን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ስሙን መመዝገብ የአካባቢው ተወላጆች ዕዳ ነው።