ወደ ወለጋ ለተደረገው የወንጌል ጉዞ ዋናው ዝግጅት ምን ነበር?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደንዲ ወረዳ በጊንጪ፥ ከዚያም በአምቦ በኩል ዛሬ በአንድ ቀን ነቀምቴ የሚገባ መንገደኛ፥ ኦኔሲሞስ ነሲብ እዚያ ለመድረስ ከ20 ዓመት በላይ እንደ ፈጀበት ማሰብ ይቸግረዋል።

ኦኔሲሞስ በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ በ1870 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ምፅዋ ላይ ነፃ ወጣ። በእምኩሉ ከስዊድን ሚስዮናውያን ዘንድ ተማረ፤ ስዊድንም 5 ዓመት ተምሮ በ1881 ተመለሰ። ወዲያው በሱዳን በኩል የተነሣው ጓድ ፋማካ ደርሶ በበሽታ ተመታ፤ መሪው አሬኒዩስም በጉዞው ላይ ሞተ። በ1886 እንጦጦ የደረሰው ሁለተኛው ጓድ ደግሞ ከንጉሥ ምኒልክ የማለፍ ፈቃድ አላገኘም።

እነዚህ ጉዞዎች ሰውና ስንቅ ነበራቸው፤ በሕዝቡ ቋንቋ የተዘጋጀ ሙሉ መጽሐፍ ግን አልነበራቸውም። በአስተያየታችን ዋናው ዝግጅት የተፈጸመው ጓዱ ተመልሶ እምኩሉ በተቀመጠበት ዘመን ነው። ኦኔሲሞስ በልጅነቱ ከአገሩ ስለ ተለየ የኦሮምኛ ቃላት ያጥሩት ነበርና፥ እንደ እርሱ ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ ቃላትን እየሰበሰበች ረዳችው። አዲስ ኪዳን በ1893፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ።

በ1904 ነቀምቴ ሲገባ እንግዲህ ሕዝቡ ሲነበብ የሚሰማውን መጽሐፍ ይዞ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተቃውሞ ቢነሣበትም መጽሐፉ ከሕዝቡ ጋር ቀረ። ስለዚህ መንገድ የተዘጋባቸውን ዓመታት እንደ ባከነ ጊዜ ከሚቈጥሩት ጋር አንስማማም።