ስክሪኑ ያልነገራቸው ዓለት

ኅዳር 20 ቀን 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 2014) አመሻሽ ላይ «ቬስታስ ዊንድ» የተሰኘችው ባለ ሸራ የውድድር ጀልባ ከኬፕታውን ወደ አቡዳቢ ስትከንፍ በሕንድ ውቅያኖስ መካከል ከኮራል ዓለት ጋር ተላተመች። ፍጥነቷ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዘጠኙ መርከበኞች ማዕበል በሚደበድባት ጀልባ ላይ ሌሊቱን ታግለው፣ ሊነጋ ሲል በውሃ ውስጥ እየተራመዱ ወጡ። የሞተ የለም።

ካርጋዶስ ካራሆስ የሚባለው ይህ የዓለት ሰንሰለት ከሞሪሺየስ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይገኛል። አዲስ ግኝት አይደለም፤ ከጥንት ጀምሮ በባሕር ካርታ ላይ አለ። በጀልባዋ ኮምፒውተር ውስጥም ነበር። መርከበኞቹም ጀማሪዎች አልነበሩም፤ ዓለምን በሸራ የሚዞሩ ባለሙያዎች ናቸው። ታዲያ እንዴት ሳያዩት ቀሩ?

መልሱ ያለው ዲጂታል ካርታ በሚሠራበት መንገድ ላይ ነው። የወረቀት ካርታ እንደታተመ ይቀራል። ሰፊ ባሕር የሚያሳየውን ካርታ የሚያዘጋጀው ባለሙያ ቦታ ቢጠበውም፣ ብዙ ነገር ይተዋል እንጂ መርከብ የሚሰብር ዓለት እንዳይቀር ይጠነቀቃል። በዲጂታል ካርታ ላይ ግን የሚመርጠው ሶፍትዌሩ ነው። ሰፊ ቦታ ለማየት ካርታው ሲያንስ ዝርዝሩ እየተደበቀ ይሄዳል፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት ተመልሶ ይወጣል። የጀልባዋ ናቪጌተር በሰፊው እይታ አካባቢውን ሲቃኝ፣ ጥልቀቱ ለማለፍ ከበቂ በላይ የሆነ ቦታ መሰለው። ጠጋ ብሎ አላየውም። በተጨማሪም አዘጋጆቹ በማዕበል ስጋት ምክንያት ጉዞው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው የተከለከለውን ቀጠና ቀይረው ነበር። መንገዱን በዓለቱ በኩል የከፈተው ይህ ለውጥ ነው። በ2015 ይፋ የሆነው የገለልተኛ መርማሪዎች ሪፖርትም የጀልባዋን የጉዞ አመራር ብቻ ሳይሆን የካርታውን አሠራርና የአዘጋጆቹን ውሳኔ ጭምር ፈትሿል። ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ መጫን ለወሬ ይመቻል እንጂ ብዙ አያስተምርም።

ወደኋላ መለስ ብንል ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በ1983 የሶቪየት ጦር መንገድ ስቶ የገባን የደቡብ ኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን መትቶ ሲጥል 269 ሰዎች አለቁ። ከዚህ በኋላ የሬገን መንግሥት ለጦር ኃይል ይሠራ የነበረውን ጂፒኤስ ለሲቪሎችም በነፃ እንደሚከፍት አስታወቀ። ሆኖም አሜሪካ እስከ ሜይ 2000 ድረስ ለሲቪል የሚሰጠውን ምልክት ሆን ብላ ታዛባው ነበር፤ ስህተቱ እስከ መቶ ሜትር ይደርሳል። በዚያ ዘመን የጀልባ ካፒቴን ስክሪኑን አይቶ ወዲያው ዓይኑን ወደ ተራራውና ወደ መብራት ቤቱ ያዞር ነበር። ሳያዞር የቀረም አለ። በ1995 «ሮያል ማጀስቲ» የተባለችው የመንገደኞች መርከብ የጂፒኤስ አንቴናዋ ገመድ ተላቅቆ ከአንድ ቀን በላይ በግምት ስትሄድ ማንም ሳያስተውል፣ ናንተኬት ደሴት አጠገብ አሸዋ ላይ ወጥታ ቆመች። ከትክክለኛው መንገዷ 17 የባሕር ማይል ርቃ ነበር።

መዛባቱ በ2000 ሲቆም ስህተቱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። አሁን መሣሪያው ከካርታው ይበልጥ ትክክል ሆነ። የኤጂያን ባሕርን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ፣ ቀይ ባሕርን ደግሞ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከቦች ከ1829 እስከ 1834 የለኩት በገመድ ጫፍ ከባድ ብረት አስረው እየጣሉ ነው። ብረቱ ያልወደቀበት ቦታ አልተለካም። ዛሬም በዓለም ባሕሮች ብዙ ቦታ የካርታው መነሻ እንዲህ ያለ አሮጌ ልኬት ነው። በወረቀት ካርታ ላይ ልኬቱ የተደረገበት ዘመን ይጻፋል። ስክሪን ላይ ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ግምትና የትናንት የሶናር ልኬት አንድ ዓይነት ቀለም ለብሰው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ይህ ሁሉ ይበልጥ የሚከብደው በግሪክ ደሴቶች ቅዳሜ ጀልባ ተከራይቶ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለሚመልስ ሰው ነው። መሣሪያው የእሱ አይደለም። ከእሱ በፊት የነበረው ተከራይ ምን እንደነካካ አያውቅም። ጥልቀት መለኪያው 3 ሜትር ሲል ከውሃው ገጽ ጀምሮ ነው ወይስ ከጀልባዋ ሆድ በታች? ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ እንደ አስተካከሉት ነው። ሁለት ሜትር ወደ ታች ለሚወርድ ጀልባ ደግሞ ልዩነቱ ዓለት ላይ መውጣትና አለመውጣት ነው። በርክክቡ ሰዓት የማዕድ ቤቱ ሰሃን ሳይቀር ይቆጠራል፤ ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። የሚታወቅ ጥልቀት ያለው ወደብ ውስጥ ክብደት ያሰሩበት ገመድ ጥሎ ከመሣሪያው ጋር ማመሳከር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ምልክቱ ራሱም ዳግም ተዛብቷል፤ ይህን ጊዜ በጦርነት። በጋዛው ጦርነት ወቅት በምሥራቅ ሜዲትራኒያን የሚጓዙ መርከቦች መሣሪያ ቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ መቆማቸውን ሲያሳይ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው የብስ ላይ ስለሆነ ውሸቱን መለየት አይከብድም። አስቸጋሪው ስክሪኑ ጀልባዋን ከእውነተኛ ቦታዋ ግማሽ ኪሎ ሜትር ብቻ ሲያርቃት ነው።