ልጁ ክፍል ገባ፤ ማን ያስተምረው?

የዋሽንግተን ዲሲ ትምህርት ቦርድ በ1972 ፍርድ ቤት ቀርቦ ያሰማው ዋና መከላከያ ገንዘብ የለኝም የሚል ነበር። የተከሰሰው በሰባት ልጆች ጉዳይ ነው። አንዱ «ጠባዩ አስቸጋሪ ነው»፣ ሌላው «አእምሮው ዘገምተኛ ነው» እየተባለ ከክፍል የተባረሩ፣ ወይም ጭራሹን ሳይመዘገቡ ቤት የቀሩ ልጆች ናቸው። ከሰባቱ ኋላ ግን ብዙ ሕዝብ ነበር። በከተማዋ የአካል ጉዳት ወይም የእድገት እክል ካለባቸው 22 ሺህ ያህል ልጆች 18 ሺህ የሚሆኑት የሚገባቸውን ትምህርት እንደማያገኙ ተገምቷል። ዳኛው ጆሴፍ ዋዲ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ፈረዱ፦ ገንዘብ ካነሰ እጥረቱ ለሁሉም ይዳረሳል እንጂ አካል ጉዳተኛው ልጅ ከሌላው የበለጠ አይሸከመውም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፍርዱ ትልቅ ነበር። ያስከፈተው ግን በሩን ነው። ልጁ ከገባ በኋላ አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው ማን እንደሆነና ምን እንደሚያውቅ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይኸኛውን ሙግት የኦቲዝም ልጆች ወላጆች ያን ጊዜም ይሟገቱት ነበር፣ ዛሬም አልጨረሱትም። እንዲያውም የወላጆቹን ታሪክ ባገላበጥኩ ቁጥር የሚታየኝ፣ በር ማስከፈቱ ከሁለቱ ቀላሉ እንደነበር ነው።

ነገሩ ከመነሻው በእናት ላይ የተጣለ ክስ ነበረበት። የባልቲሞሩ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ሊዮ ካነር በ1943 ስለ አሥራ አንድ ልጆች ጽፈው ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም ሲያስተዋውቁ፣ ከልጆቹ ጋር ወላጆቹንም መረመሩ። ሁኔታው አብሮ የሚወለድ ነው ብለው ቢነሱም፣ ቆየት ብለው ወላጆቹ ፍቅር የማይሰጡ ቀዝቃዛ ሰዎች ናቸው ወደሚል ሐሳብ አዘነበሉ። ብሩኖ ቤተልሃይም ደግሞ ከቺካጎ ሆነው በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ሐሳብ አገር ምድሩ እንዲሰማው አደረጉት። መድኃኒቱም ልጁን ከወላጆቹ መነጠል ሆነ። እኛ አገር ጎረቤት «እርግማን ነው»፣ «የእናቱ ኃጢአት ነው» ሲል የሚያሳፍረንን ያህል፣ በዚያ ዘመን ፕሮፌሰሮች ያንኑ እርግማን ነጭ ጋውን አልብሰው ሲያስተምሩት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ክሱን መጀመሪያ በማስረጃ የሞገተው ራሱ አባት ነው። በሳንዲያጎ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የሚሠራው የሥነ ልቦና ባለሙያ በርናርድ ሪምላንድ ልጁ ምን እንደገጠመው ለማወቅ ያገኘውን ጥናት ሁሉ ሲያነብ ከርሞ፣ ኦቲዝም ከአካል አፈጣጠር የሚመጣ እንጂ እናት የምታመጣው አይደለም የሚል መጽሐፍ በ1964 አሳተመ። መቅድሙን የጻፉለት ካነር ናቸው። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ስለ ልጅ ጠባይ የሚጠይቅ ቅጽ ነበረበትና ወላጆች እየሞሉ ይልኩለት ጀመር። ከየግዛቱ የሚጻፍለት ሰው በዛ። በ1965 እነዚሁ ወላጆች ኒው ጀርሲ ውስጥ ተሰብስበው ብሔራዊ ማኅበር መሠረቱ። ለንደን ውስጥ ደግሞ ወላጆች ሦስት ዓመት ቀድመው ተደራጅተው ነበር። ሲቢል ኤልጋር በምድር ቤት ክፍል የጀመሩትን ትምህርት አስፋፍተው በ1965 ኢሊንግ ላይ ትምህርት ቤት እንዲከፈት ያደረጉትም እነርሱ ናቸው። ካነር በ1969 በአሜሪካው ማኅበር ስብሰባ ተገኝተው ወላጆቹን በአደባባይ ከጥፋት ነጻ አደረጓቸው። ነገር ግን ቃላቸውን ሰምተው ክስ የጀመሩት ሁሉ ወዲያው አልተዉም።

ከዚያ ትውልድ ለእኔ ከሁሉ ልቀው የሚታዩኝ ወይዘሮ ሩት ሰሊቫን ናቸው። የሰባት ልጆች እናት፣ በሙያቸው ነርስ። ኦቲዝም ያለበት ልጃቸው በ1960 ተወለደ። ባለቤታቸው ማርሻል ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ስለነበሩ ቤተሰቡ የከተመው ሃንቲንግተን በምትባል የዌስት ቨርጂኒያ ከተማ ነው። ማኅበሩ ምርጫ ሲያደርግ የመጀመሪያዋ ተመራጭ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከዚያም የማኅበሩን የመረጃ አገልግሎት ለዓመታት ከመኖሪያ ቤታቸው አካሄዱት። ስልክ የሚደውለው ወላጅ ጥያቄው ተመሳሳይ ነው፤ ሐኪሙ ምን እንዳለው ይናገርና፣ ለመሆኑ ልጄን የሚቀበል ትምህርት ቤት የት አለ ይላል። ወይዘሮዋ መልስ እየሰጡ፣ በጎን ደግሞ ለምክር ቤት አባላት ይጽፉ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ በ1988 «ሬይን ማን» የሚባለው ፊልም ሲወጣ፣ ዋናው ተዋናይ ደስቲን ሆፍማን ለገጸ ባሕርይው ካጠናቸው ሰዎች አንዱ የእርሳቸው ልጅ እንደነበር ታወቀ። ብዙ ሰው ሰሊቫንን የሚያስታውሰው በዚህ ነው። እኔ ግን የማስታውሳቸው ሌላ በሠሩት ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

የወላጆች ማኅበራት፣ ጠበቆችና የዋዲን የመሰሉ ፍርዶች ተደማምረው በ1975 ኅዳር 29 ቀን ፕሬዚዳንት ፎርድ አንድ ሕግ ፈረሙ። ሕጉ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ሁሉ በነጻ ተገቢውን ትምህርት የማግኘት መብት እንዳለው ደነገገ። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ የትምህርት ዕቅድ በጽሑፍ ይዘጋጅለታል፤ ዕቅዱ ሲዘጋጅ ወላጅ በጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጣል፤ ካልተስማማም ይከራከራል። ኮንግረሱ በወቅቱ እንዳሰፈረው አንድ ሚሊዮን ልጆች ከትምህርት ቤት ሙሉ በሙሉ ውጭ ነበሩ። ፎርድ ሲፈርሙ፣ ሕጉ መንግሥት ሊሰጥ ከሚችለው በላይ ቃል ገብቷል ብለው አስጠነቀቁ። ልክ ነበሩ። ፌዴራል መንግሥቱ ለአንድ ተማሪ በአማካይ ከሚወጣው ወጪ እስከ 40 ከመቶ እሸፍናለሁ ብሎ ነበር፤ እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ ሞልቶት አያውቅም።

በሕጉ ውስጥ ለኦቲዝም ልጆች የተተወችው ቦታ ደግሞ አስገራሚ ነበረች። የማስፈጸሚያ ደንቡ በ1977 ሲወጣ ኦቲዝምን «ከባድ የስሜት መታወክ» ከሚለው ክፍል ውስጥ ከተተው። የድሮው ክስ በጓሮ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። ጉዳዩ የስም ብቻ አልነበረም። በስሜት ችግር የተመዘገበ ልጅ የሚመደብለት መምህርም ለስሜት ችግር የሠለጠነ ነውና፣ ቃል አውጥቶ ውኃ መጠየቅ ላልቻለ ልጅ ምን እንደሚያደርግለት አያውቅም። ወላጆች ሞግተው በ1981 ከዚያ አስወጡት፤ ራሱን ችሎ የተጻፈው ግን በ1990 ነው።

የሠለጠነ ሰው ያለበት ክፍል ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ሰው ሰሜን ካሮላይናን ይመለከት ነበር። ጀርመን ተወልደው በልጅነታቸው ከናዚ የተሰደዱት ኤሪክ ሾፕለር ቺካጎ ላይ የቤተልሃይምን ትምህርት ቀምሰው አልጣማቸውም። ቻፕል ሂል ሄደው ወላጆችን እንደ ሥራ ባልደረባ ቆጥረው አሠሩ። ወላጆቹ የግዛቱን ምክር ቤት ወትውተው በ1972 ፕሮግራሙ በመላ ግዛቱ በመንግሥት በጀት እንዲሠራ አስወሰኑ። ክፍሎቹ ውስጥ ተአምር የለም። ልጁ የዕለቱን ሥራ በስዕል ተደርድሮ ያገኘዋል፤ መጀመሪያ ሥራ፣ ቀጥሎ መክሰስ፣ ቀጥሎ ጨዋታ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ በግራው በኩል ቅርጫቶች አሉ። አንዱን ያነሣል፤ ለምሳሌ ቀይና ሰማያዊ ቁልፎችን ይለያል፣ ሲጨርስ በቀኙ ወዳለው «አልቋል» ወደሚለው ሳጥን ይከታል። በግራ ያለው ቅርጫት ሲያልቅ ሥራውም አለቀ። ስንት ቀረኝ ብሎ መጨነቅ፣ መቼ ነው የሚያበቃው ብሎ መጮህ የለም። ረዳቷ ከፊቱ ሆና አትጎተጉተውም፤ ከኋላው ቆማ፣ ሲቸገር እጁን ትመራለታለች፣ ሲችል ደግሞ ወደ ኋላ ትላለች። መቼ ወደ ኋላ ማለት እንዳለባት ማወቅ ነው ስልጠናው። ይህን ያልተማረ ሰው፣ ደግ ልብ ቢኖረውም እንኳ፣ ሥራውን ራሱ ሠርቶለት ይነሣል።

ወይዘሮ ሰሊቫን ወደሠሩት ነገር የምመለሰው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ከወጣ በኋላ አብዛኛው ሰው ድል ተደረገ ብሎ ሲያርፍ እርሳቸው መምህሩን ማን ያሠለጥነው ብለው ተነሡ። በ1979 ሃንቲንግተን ውስጥ የኦቲዝም አገልግሎት ማዕከል አቋቋሙ። በ1983 ደግሞ በእርሳቸው ውትወታ የዌስት ቨርጂኒያ ምክር ቤት በማርሻል ዩኒቨርሲቲ የኦቲዝም ማሠልጠኛ ማዕከል እንዲመሠረት ሕግ አወጣ። ማዕከሉ የሚያሠለጥነው መምህሩን ብቻ አይደለም፤ ወላጁንና ከልጁ ጋር የሚውሉትን ሌሎች ሰዎችም ነው። ዌስት ቨርጂኒያ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ግዛት ናት፤ ከአሜሪካ ድሆች ግዛቶች መካከል የምትቆጠር። ሀብታሞቹ ግዛቶች እያሉ ይህ እዚያ መሆኑ አንዲት እናት እንቢ አልመለስም ካለች ምን እንደምታደርግ ያሳያል።

በቀሩት ዓመታት የመጣው ለውጥ አዝጋሚ ነው። ሕጉ በ1997 ሲሻሻል ረዳቶች ተገቢ ስልጠናና ክትትል ያላቸው መሆን እንዳለባቸው ጻፈ። በተግባር ግን ረዳት ማለት በብዙ ቦታ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈለውና ጥቂት ሰዓት ገለጻ የተሰጠው ሰው ነው። ስለዚህ ከክፍሉ ሁሉ እውቀት ያለው ሰው የሚያስፈልገው ልጅ፣ ከክፍሉ ሁሉ ትንሽ የተማረው ሰው ይደርሰዋል። በ2017 ከኮሎራዶ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ወላጆች ጉዳያቸውን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድርሰው፣ ስምንቱ ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ ትምህርት ቤት ለልጁ ካለበት ሁኔታ አንጻር እውነተኛ መሻሻል የሚያስገኝ ዕቅድ ማቅረብ አለበት፤ ትንሽ ጥቅም ብቻ ማሳየት አይበቃም አሉ። ዋዲ በፈረዱባት ከተማ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ልጇ ኦቲዝም እንዳለበት የተነገራት ሐበሻ እናት ያንኑ የ1975ቱን ሕግ ይዛ በስብሰባው ትቀመጣለች፤ እንግሊዝኛው ከከበዳት ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ብዙዎቹ ይህን መብት ስለማያውቁ ዝም ብለው ይፈርማሉ።

አዲስ አበባ ላይ መንገዱን የቀደዱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። በስደት አሜሪካ ኖረው ተመልሰው የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚያስተምር ግን አጡ። እንደ ሰሊቫን ሁሉ እርሳቸውም ከልጃቸው ጀምረው ለሌሎች ልጆች ደረሱ፤ በ2002 በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮ፣ በየአዳራሹ እየዞሩ «ልጄ ኦቲዝም አለበት» ማለትን ያስለመዱ እርሳቸው ናቸው። ልጅ ደብቆ ማሳደግ ክብር በሚመስልበት ከተማ ይህ ራሱን የቻለ ድፍረት ነበር። ቃል የማያወጡ ልጆችን ለማስተማርም አቡጊዳ ፎኔቲክስ ያሉትን በፊደላችን ድምፆች ላይ የተመሠረተ ዘዴ አዘጋጅተዋል። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በዚያው ፈለግ ከወላጅ ጥረት የተወለደ ነው።

በወረቀት ላይ አገራችን ኋላ አልቀረችም። የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2010 አጽድቃለች፤ በ2012 የተከለሰው የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂም በዙሪያቸው ያሉ ትምህርት ቤቶችን የሚያግዙ የድጋፍ ማዕከላትን ያስባል። ሰበታ የልዩ ፍላጎት መምህራንን ስታሠለጥን ኖራለች፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል አለው። ይሁን እንጂ የአገራችን የልዩ ፍላጎት ትምህርት በብሬልና በምልክት ቋንቋ ረጅም ልምድ ሲኖረው፣ ኦቲዝም ዘግይቶ የመጣበት እንግዳ ነው። ሾፕለር እንዳደረጉት በአንድ ቅርጫትና በአንድ ሳጥን የሚጀመር ክፍል ለማዘጋጀት የሚጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ የሚያውቅ ሰው ነው።

ሁለቱ እናቶች በአንድ ዓመት አረፉ። ወይዘሮ ዘሚ በ2021 ግንቦት፣ ወይዘሮ ሰሊቫን በዚያው ዓመት መስከረም፣ በ97 ዓመታቸው። የሃንቲንግተኗ እናት መምህሩን ማሠልጠን የመንግሥት ሥራ እንዲሆን በሕግ አስጽፈው ሄደዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ልጁን እንቀበላለን የሚሉት ወላጁ «ሻዶ ቲቸር»፣ ማለትም ከልጁ አጠገብ የሚውል ረዳት፣ ይዞ ከመጣ ነው። ሰውየውን የሚፈልገው ወላጅ ነው፤ ደመወዙን የሚከፍለውም፣ ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳውም እርሱ ነው።