የተሻለውን ንድፍ በስሌት የመፈለግ ታሪክ

በሰሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኙት በዳባትና በደባርቅ አረቄ የሚያወጡ እናቶች አንድ የምህንድስና ጥያቄ ሲፈቱ ኖረዋል። ድፍድፉ በማሰሮ ተጥዶ ሲፈላ እንፋሎቱ በሸምበቆ አልፎ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይጠራቀማል። ተራው አረቄ እንደገና ሲጣድ ዳግም ይወጣል፤ የአልኮሉም መጠን ከመቶ 34 ገደማ ወደ 46 ገደማ ያድጋል። ሁለተኛው እሳት ግን ሌላ እንጨት ይፈጃል። የቱ እንደሚያዋጣ የሚወሰነው በልምድ ነው።

ፋብሪካም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ1925 ማክኬብና ቲሌ የተባሉ መሐንዲሶች የማንጠሪያ ዓምድ ስንት እርከን እንደሚያስፈልገው በግራፍ የሚያሳይ ዘዴ አቀረቡ። እርከኑ ሲበዛ የብረቱ ወጪ ይጨምራል፤ ሲያንስ ደግሞ ብዙው ፈሳሽ ወደ ዓምዱ ተመልሶ እንደገና መትነን ስላለበት የነዳጁ ወጪ ይጨምራል። የተሻለው ንድፍ የሁለቱ ድምር የሚያንስበት ነው።

ተለዋዋጮቹ ሲበዙ ግን ግራፍ አይበቃም። በ1951 በብሪታንያው የኬሚካል ኩባንያ በአይ.ሲ.አይ. ይሠሩ የነበሩት ቦክስና ዊልሰን ከጥቂት ሙከራዎች ተነሥቶ ውጤቱ ፈጥኖ የሚያድግበትን አቅጣጫ በስሌት መፈለግን አስተማሩ። ነገሩ በጉም መካከል ከአምባራስ ተነሥቶ ዳገቱን በእግሩ እየዳሰሰ እንደሚወጣ መንገደኛ ነው፤ ከአንዲት ጉብታ ላይ ደርሶ ራስ ደጀን የደረሰ ሊመስለውም ይችላል። ይህ ስሕተት ዛሬም የዘርፉ ራስ ምታት ነው። በ1965 ኔልደርና ሚድ ያወጡት ዘዴ ደግሞ ተዳፋቱን ማስላት አይጠይቅም፤ ሦስት ሰዎች በዳገት ላይ ቆመው ከሁሉ ዝቅ ያለው ወደ ሌላው ወገን እንዲሻገር እንደማድረግ ነው።

በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ቀድሞ የተሻሉ የነበሩት ዓምዶች ነዳጅ አባካኝ ሆነው ተገኙ፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል እርከን መጨመር አዋጪ ሆነ። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ የገባበት ዋጋ ተለወጠ። ቦታም እንዲሁ ስሌትን ይለውጣል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በምትገኘው በአምባራስ ውኃ የሚፈላው መጽሐፉ እንደሚለው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው።

ለአገራችን ዕቅድ አውጪዎች የበለጠ የሚጠቅመው በ1951 ኩንና ተከር ያሳተሙት ነው፤ ይኸውም አንድ ገደብ ጥቂት ቢጠብቅ ወይም ቢላላ ወጪው ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚያሳይ ቁጥር ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 በሕግ ተከልሏል። ከዱር የሚቆረጠው አስታ በዜሮ ዋጋ ከተጻፈ ቀመሩ የእሳቱን ብዛት ከቁም ነገር አይቆጥርም። የሚቆረጠው በዓመት ከሚበቅለው አይብለጥ የሚል ገደብ ከገባ ግን ያ ቁጥር የአንድ ሸክም እንጨት ዋጋ ይሆናል፤ በደባርቅ ገበያ ከሚጠራው ዋጋ ጋር ማነጻጸሩም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚከብድ አይደለም።