ሻምፒዮኖቹ ያልተጠሩበት ሻምፒዮና፦ የክሪኬት ክለቦች ውድድርና የፓኪስታን ክለቦች ታሪክ



ክሪኬትን ቁጭ ብሎ ያየ ሰው በእኛ ከተሞች ብዙ የለም። ዱባይ ወይም ሻርጃ ሠርቶ የተመለሰ ግን ጁምዓ ጠዋት በባዶ አሸዋማ ሜዳ ላይ የፓኪስታን፣ የሕንድና የባንግላዲሽ ሠራተኞች ጠፍጣፋ ዱላ ይዘው ኳስ ሲመቱ አይቷል። ለእነሱ ክሪኬት እኛ ዘንድ ኳስ እንዳለው ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የክሪኬት ውድድር ነው። ስሙ «ሻምፒዮንስ ሊግ» ነበር፤ ከተዘጋም ቆይቷል። (ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል። የክሪኬት ረጅሙ ዓይነት አምስት ቀን ይፈጃል። አጭር የሚባለውም ቢሆን ሙሉ ቀን ይወስድ ነበር። በ2003 እንግሊዞች «ትዌንቲ ትዌንቲ» የሚባለውን አመጡ። እያንዳንዱ ቡድን 20 ዙር፣ በአንድ ዙር ስድስት ኳስ፣ በጠቅላላው 120 ኳስ ብቻ ይመታል። ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሠራተኛው ከሥራ መልስ ሊያየው የሚችል ጨዋታ ሆነ፤ ቴሌቪዥኑም ወደደው።

ብዙም ሳይቆይ «የየአገሩ ሻምፒዮን ክለቦች ለምን አይገናኙም?» የሚል ሐሳብ መጣ። በመስከረም 2005 በእንግሊዝ ሌስተር ከተማ አንድ ትንሽ ውድድር ተዘጋጀ። የእንግሊዝ፣ የደቡብ አፍሪካ፣ የስሪላንካና የፓኪስታን ክለቦች ተገኙ። ዋንጫውን ማን እንደወሰደ የሚያስታውስ ዛሬ ጥቂት ነው፤ የወሰደው ፈይሰላባድ ዎልቭስ ነው። ፈይሰላባድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተማ ናት፤ የፓኪስታን ማንቸስተር ይሏታል። የስሪላንካውን ቺላው ማሪያንስን በፍጻሜው ረትተው ተመለሱ። ስለዚህ በዚህ አጭር ጨዋታ በዓለም አቀፍ የክለቦች ውድድር ዋንጫ ካነሱት ቀዳሚዎቹ ፓኪስታናውያን ናቸው። ይህን ያዙልኝ።

ከፈይሰላባድ በኋላ የመጣው ሲያልኮት ስታሊየንስ ደግሞ የባሰ ኃይለኛ ነበር። ሲያልኮትን ሳታውቋት ታውቋታላችሁ። በ2014ቱ የብራዚል ዓለም ዋንጫ የተጫወቱበት ኳስ የተሠራው እዚያ ነው። ገጣሚው ሙሐመድ ኢቅባል የተወለደውም እዚያው ነው። የዚህች ከተማ ክለብ የአገሩን የትዌንቲ ትዌንቲ ዋንጫ አምስት ጊዜ በተከታታይ ወሰደ። ከ2006 እስከ 2010 ባለው ጊዜ 25 ጨዋታ ያለ ሽንፈት በተከታታይ አሸነፈ፤ በዚያን ጊዜ ይህ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር።

በ2008 የሕንድ፣ የአውስትራሊያና የደቡብ አፍሪካ የክሪኬት ቦርዶች ተባብረው ትልቁን ውድድር መሠረቱ። ድርሻው ሕንድ 50፣ አውስትራሊያ 30፣ ደቡብ አፍሪካ 20 በመቶ ነበር። የአሥር ዓመት የቴሌቪዥን መብቱ ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ለመጀመሪያው ውድድር ስምንት ክለቦች ተጠሩ፤ ከፓኪስታን ሲያልኮት ነበረበት። መክፈቻው ታኅሣሥ 3 ቀን 2008 ሕንድ ውስጥ ሊሆን ተቆርጦ ነበር።

ሳምንት ሲቀረው፣ ኅዳር 26 ቀን፣ ከፓኪስታን በባሕር የመጡ ታጣቂዎች ሙምባይ ገቡ። በሆቴሎች፣ በባቡር ጣቢያና በሌሎችም ቦታዎች ከ160 በላይ ሰው ገደሉ። ከሟቾቹ መካከል ሙስሊሞችም ነበሩ። የክሪኬቱ ውድድር ተሰረዘ። በዚያ ደም ፊት የጨዋታ መሰረዝ ምንም አይደለም። የሕንዶችን ቁጣ መረዳትም አያስቸግርም። ግን ሂሳቡን ማን ከፈለው? በ2009 ጥቅምት ውድድሩ ሲጀመር ክለቦቹ 12 ሆነው ነበር። ከሕንድ ሦስት፣ ከአውስትራሊያ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከእንግሊዝ ሁለት ሁለት፣ ከኒውዚላንድ፣ ከስሪላንካና ከካሪቢያን አንድ አንድ። ከፓኪስታን ማንም የለም። ያ ዓመት የፓኪስታን ብሔራዊ ቡድን የትዌንቲ ትዌንቲ ዓለም ዋንጫን ያነሳበት ዓመት ነው! በቀጣዩ ጥር በሕንድ ሊግ ጨረታ 11 ፓኪስታናውያን ተጫዋቾች ቀርበው አንዳቸውንም የገዛ አልተገኘም።

በአገራቸውም በር ተዘግቶባቸው ነበር። መጋቢት 3 ቀን 2009 ላሆር ውስጥ ታጣቂዎች የስሪላንካን ቡድን አውቶቡስ በጥይት ደበደቡ። ሾፌሩ ሜህር ሙሐመድ ኸሊል በተኩስ መሃል መኪናውን ሳያቆም ተጫዋቾቹን ስታዲየም አደረሰ። አጃቢ ፖሊሶች ግን ሞቱ። ከዚያ በኋላ የውጭ ቡድኖች ለዓመታት ፓኪስታን አልረገጡም። ፓኪስታኖች «የሜዳችን ጨዋታ» የሚሉትን በዱባይ፣ በአቡዳቢና በሻርጃ ይጫወቱ ጀመር።

ሻምፒዮንስ ሊጉ በበኩሉ ቀጠለ። በ2009 ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ በ2010 ቼናይ፣ በ2011 ሙምባይ፣ በ2012 ሲድኒ ሲክሰርስ ወሰዱት። ጥሩ ጨዋታ አልጠፋበትም። የመጀመሪያው ዓመት ድምቀት ትሪኒዳድና ቶባጎ ነበሩ፤ እስከ ፍጻሜ ሳይሸነፉ ደረሱ። ካይረን ፖላርድ የሚባል ወጣታቸው በ18 ኳስ 54 ነጥብ መታ። ወዲያው ሙምባይ በ750,000 ዶላር ገዛው። በኋላ የአገሩ ክለብና ሙምባይ ሁለቱም ለውድድሩ ሲበቁ ከሙምባይ ጋር ተሰለፈ። የውድድሩ ሕመም እዚህ ላይ ነው። የአንድ ከተማ ልጆች ተሰባስበው ሲያሸንፉ ሀብታሙ ክለብ ይወስዳቸዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት የገዛ ከተማቸውን ይገጥማሉ። የሕንድ ክለቦች ቁጥርም ከሦስት ወደ አራት አደገ።

በ2012 ውድድሩ በደቡብ አፍሪካ ሲደረግ ሲያልኮት ከአራት ዓመት በኋላ ተጠራ። የተጠራው ግን ለማጣሪያ ነው፤ ሁለት ጨዋታ ብቻ። በኒውዚላንዱ ኦክላንድ ተሸንፎ ወጣ። የሚገርመው፣ በኦክላንድ ቡድን ውስጥ የቀድሞው የፓኪስታን ብሔራዊ ተጫዋች አዝሃር ማህሙድ ነበር። አዝሃር የእንግሊዝ ፓስፖርት ስላገኘ በዚያው ዓመት በሕንድ ሊግም ተጫውቷል። ተወልዶ ያደገው ፓኪስታን፣ ጨዋታ የተማረውም እዚያው፤ የተለወጠው የያዘው ደብተር ብቻ ነው። ቪዛ ፈልጎ ኤምባሲ በር ላይ የተሰለፈ ወጣት ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ2013 ተራው የፈይሰላባድ ሆነ። የ2005 ባለዋንጫዎች! ሕንድ መጀመሪያ ቪዛ ከለከለቻቸው፤ ውድድሩ ሲቃረብ ፈቀደች። በሚስባህ ኡልሐቅ መሪነት ሞሃሊ ደረሱ። እነሱም ከማጣሪያው አላለፉም።

ላሆር ላየንስ በ2014 መጣ፤ አሁንም በማጣሪያ። የመጀመሪያ ተጋጣሚው የዋንጫው ባለቤት ሙምባይ ነበር። መስከረም 13 ቀን በሕንድ ራይፑር ከተማ፣ በሙሐመድ ሐፊዝ የሚመራው ላሆር ሙምባይን በ6 ዊኬት ረታ። ማጣሪያው ሲያልቅ ላሆር ወደ ዋናው ውድድር አለፈ፤ ሻምፒዮኑ ሙምባይ ከማጣሪያው ወደ ቤቱ ተሸኘ። በሕንድ ሊግ ማንም ሊገዛቸው ያልፈቀዳቸው የአንዲት ከተማ ልጆች፣ በሕንድ ሜዳ የሕንድን ሀብታም ክለብ አሸነፉ። ከዋናው ውድድር ምድብ ግን አላለፉም፤ ከቼናይ ጋር የነበራቸውን ጨዋታ ደግሞ ዝናብ አስቀረው።

የፓኪስታን ክለብ በራሱ እግር ዋናው ውድድር የገባበት ዓመት የውድድሩ የመጨረሻ ዓመት ሆነ። ሐምሌ 2015 ሦስቱ ቦርዶች መዘጋቱን አስታወቁ። ምክንያታቸው ተመልካች አለመገኘቱ ነበር። ሕንዳዊው ተመልካች የራሱን ሊግ ሁለት ወር ሙሉ አይቶ ጠግቧል፤ በመስከረም ደግሞ የማያውቃቸውን ክለቦች ለማየት አልጓጓም። ስፖንሰሮቹም በየጊዜው ይቀያየሩ ነበር።

ፓኪስታን በየካቲት 2016 የራሷን ሊግ ስትጀምር ጨዋታዎቹ በሙሉ ዱባይና ሻርጃ ተደረጉ። ያኔ እዚያ የነበራችሁ ታስታውሱት ይሆናል። በቀጣዩ ዓመት መጋቢት ላይ የፍጻሜው ጨዋታ ብቻ ወደ ላሆር ገዳፊ ስታዲየም ተወሰደ። በስምንት ዓመት ቀደም ሲል የሜህር ኸሊል አውቶቡስ ጥይት እየዘነበበት የገባው እዚያው ግቢ ነው።